ሃያ ደቂቃ እንዳይነካ

ነርሷ እባብ ከነደፋት ነፍሰ ጡር ደም ወስዳ በትንሽ የመስታወት ብልቃጥ ጠረጴዛው ላይ አቆመችና እስክሪብቶውን ለነፍሰ ጡሯ እናት ሰጠቻት። «እናቴ፣ እጄ ጓንት ውስጥ ነው፤ ብልቃጡ ላይ የለጠፍኩት ፕላስተር ላይ ሰዓቱን ይጻፉልኝ። ሃያ ደቂቃ ማንም እንዳይነካው። ደሙ ከረጋ፣ የሰጠናት መድኃኒት መርዙን አሸንፎታል ማለት ነው።» እናትየው በጎልማሶች ትምህርት ቤት ቁጥር መጻፍ ከጀመረች ወር አልሞላትም። 9:10 ብላ ጻፈች፤ ዘጠኙ ተንጋደደባት።

ጠዋት የተወሰደው ደም ብልቃጡ ሲዘቀዘቅ እንደ ውኃ ነበር የፈሰሰው። አሁን ዓይኗን ከብልቃጡ ወደ ግድግዳው ሰዓት፣ ከሰዓቱ ወደ ልጇ ያበጠ እግር፣ ከእግሩም ስምንት ወር ሞልቶት ከጠዋት ጀምሮ ፀጥ ወዳለው ሆዷ ታመላልስ ነበር።

«እማዬ፣ እንዲህ አታፍጥጪበት» አለች ልጅቷ ከአልጋዋ ላይ። «ደንግጦ ሳይረጋ ይቀራል።»

«አንቺ ደግሞ አፍሽን ዝጊና ተኚ!»

ልክ 9:30 ሲል ነርሷን በጩኸት ጠራቻት። ነርሷ ብልቃጡን አንስታ ቀስ ብላ ዘቀዘቀችው፤ ፊቷ በራ። «ረግቷል!» እናትየው ግን አላመነችም። «እስቲ ለእኔ ስጪኝ፣ ልጄ» አለችና መዳፏን ከሥሩ ዘርግታ ራሷ ገለበጠችው። አንዲት ጠብታ እንኳ አልወረደችም። እንደገና ገለበጠችው።

«እማዬ፣ ተይውና ነይ! ቶሎ በይ!»

ልጅቷ ያን ባዶ መዳፍ ጎትታ ሆዷ ላይ ለጠፈችው። ከውስጥ አንድ ርግጫ መታው፤ ወዲያው ደግሞ ሌላ።