ወድቃ ነው

በገጠር ክሊኒካችን አንዲት ታካሚ አለችኝ፤ እሷን በጠየቅኳት ቁጥር የሚመልስልኝ ባሏ ነው። "ክንድሽን ምን ሆነሽ ነው?" ስላት፣ ከአፏ ነጥቆ "ወድቃ ነው፣ ሲስተር" ይላል። እኔም ሦስቴ "ወድቃ ነው" ብዬ መዝግቤያለሁ፤ እጄን በቆረጠው!

ዛሬ ግን አንጀቴ አረረና "አንተ ውጭ ጠብቅ" ብዬ በሩን ቆለፍኩ። በመስኮቱ አየዋለሁ፤ ከግቢው ማዶ ዛፍ ስር ቆሞ ከጠርሙስ ውሃ ይጠጣል።

"እህቴ፣ አሁን ሁለታችን ብቻ ነን። እስቲ አንቺው በአፍሽ ንገሪኝ" አልኳት፤ እስክሪብቶዬን ጠቅ ጠቅ እያደረግኩ።

እንባዋ ቀደማት። አፏን ከፈተች።

"ወድቃ ነው" አለ የባልየው ድምፅ፣ ከአፏ።

ደንግጣ በሁለት እጇ አፏን አፈነች። ድምፁ ግን ቀጠለ፦

"ነገርኩሽ እኮ፣ ሲስተር።"