ሊላ የምታውቃቸው ዛፎች

እንግዳው በኅዳር አጋማሽ፣ ረቡዕ ቀን፣ ብቻውን መኪና እየነዳ መጣ። ማልቬዚ እባላለሁ፣ ከቦሎኛ ነኝ፣ አንድ ሳምንት እቆያለሁ አለ። የእርሻው ቤት እመቤት ኢነስ ሦስቱንም የሚከራዩ ክፍሎች አሳየችው። እሱ ትንሿንና ቀዝቃዛዋን መረጠ። መስኮቷ የሚያሳየው ወይኑን ሳይሆን የውሻይቱን ቤት ነው።

«የውሻ ቤት እያየሁ ልተኛ የሚል ምን ዓይነት ሰው ነው?» አለችው ለባሏ ለዳሪዮ።

ነገሩ ዳሪዮም ሆድ ገባ።

ቢገባም አይፈረድበት። በዚያ ዓመት ከወይን ለቀማው ወዲህ በአልባ ከተማ ዙሪያ ባሉት ኮረብታዎች ሁለት ውሾች ተመርዘው ሞተዋል። እዚያ አገር ታርቱፎ የሚሉት እንጉዳይ ከዛፍ ሥር ተቀብሮ ይበቅላል። አሽትቶ የሚያገኘው ውሻ ነው፤ ጥሩ ውሻ ያለው ሰው ደግሞ ምቀኛ አያጣም። መርዝ በሥጋ ጠቅልለው ይጥሉበታል። በዚያ ሰፈር ከእነዳሪዮ ውሻ ከሊላ የተሻለ አልነበረም። በብርዱ ወራት እንግዳ ወደ ዳሪዮ ቤተሰብ፣ ወደ ባርቤሮዎች እርሻ የሚመጣው እሷ ያወጣችውን እንጉዳይ ሊበላ ነው። ሊላ ከሌለች ቤቱ እስከ ፋሲካ ይዘጋል።

ሊላን ያሳደጋት የዳሪዮ አባት ቼስኮ ነው፤ ሰማንያ አንድ ዓመቱ። ሚያዝያ ላይ ወድቆ ዳሌው ተሰበረ፤ ከዚያ ወዲህ ጫካ አልወጣም። እንጉዳይ ያለባቸውን ዛፎች ለማንም ነግሮ አያውቅም፤ ለልጁም ቢሆን። የአገሩ ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው። እርሻውን፣ ቤቱን፣ ወይኑን ያወርሳል፤ ዛፎቹን ግን ሊሞት ሲያጣጥርም አይናገርም።

ሐሙስ ማልቬዚ ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ሣር ለሣር አጎንብሶ ሲዞር ታየ። ቁርስ ላይ ደግሞ ኢነስን «ሊላን ስንት ሰዓት ላይ ነው የምትለቋት?» አላት። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዳሪዮ እንግዳውን ከዕቃ ቤቱ ሲወጣ አገኘው።

«ምን ፈልገው ነው?»

«የቀንድ አውጣ መግደያውን መርዝ የት እንደምታስቀምጡት ለማየት ነው» አለ እንግዳው፣ ምንም ሳያፍር። «በሩ ቁልፍ የለውም እኮ።»

ዳሪዮ ሲናደድ ጆሮው ይቀላል። ያን ቀን እስከ ማታ እንደቀላ ዋለ።

ዓርብ ራት ላይ ቼስኮ ጥርሴ አልችል አለ ብሎ የተፈጨ ሥጋ በድቡልቡሉ እንዲሠራለት ጠየቀ። ኢነስ ለሁሉም ሠራች። ማልቬዚ ሁለት ጎርሶ ተወው።

«ሰኞ ሊላን ይዤ ጫካ እወጣለሁ» አለ ዳሪዮ። «እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ከእንግዲህ ማንንም አልለምንም።»

«ዛፎቹን አንድ በአንድ ታሳይዎታለች» አለ ማልቬዚ።

«እርስዎን ማን ጠየቀዎት?»

ቼስኮ ሹካውን አስቀመጠ። «አባቴ ለእኔ አንድም ዛፍ አላሳየኝም። እሱ ሲሞት ውሻይቱም በዚያው ሳምንት ተከተለችው። የእኔን ዛፎች በገዛ እግሬ ነው ያገኘኋቸው።»

«ታዲያ ለማን ልትተዋቸው ነው አባባ? ለዱር አሳማ?»

ሽማግሌው ሹካውን መልሶ አነሳ። ኢነስ ሳህኖቹን ስታነሳ የእሱ ባዶ ነበር። ዳሌው ከተሰበረ ወዲህ እንዲህ በልቶ አያውቅምና ደስ አላት። እሱም እንደ ልማዱ ምርኩዙን ይዞ ሊላን ደህና እደሪ ሊላት ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት ጉም ግቢውን ሞልቶታል። ሁልጊዜ ሊላን የሚለቃት ቼስኮ ነበር፤ ያን ዕለት ግን ጉልበቴን አሞኛል ብሎ ከእሳቱ ዳር አልተነሳም። ኢነስ ወጣች። ሊላ ከውስጥ በሩን እየቧጠጠች ታላዝናለች። ከበሩ ፊት ለፊት ማልቬዚ ተንበርክኳል። እጁ ላይ መሐረብ፣ መሐረቡ ላይ የሥጋ ድቡልቡል አለ።

«ዳሪዮ!» ብላ ጮኸች። «ዳሪዮ፣ ድረስ!»

ዳሪዮ በካልሲው እየሮጠ መጣ። ድቡልቡሉን ነጥቆ ፈረከሰው። ውስጡ ሰማያዊ የቀንድ አውጣ መርዝ ነው።

«አንተ ውሻ ገዳይ!»

«ከሣሩ ላይ ነው ያነሳሁት» አለ ማልቬዚ። «የእኔም ውሻ እንዲሁ ነው የሞተችብኝ። ከዚያ ወዲህ ውሻ ያለበት ቤት ባረፍኩ ቁጥር፣ ሳይለቋት በፊት ሣሩን እፈትሻለሁ። ክፍሉንም የመረጥኩት ለዚሁ ነው።»

«ሂድ ይህን ለሕፃን አውራ!»

ዳሪዮ ሻንጣውን አውርዶ መኪናው ውስጥ ወረወረለት። ኢነስም አላዘነችለትም፤ እንዲያውም ክፍሉ ውስጥ የቀረውን ሌላ ጫማውን ይዛ ወርዳ ከሻንጣው አጠገብ ጣለችለት። ማልቬዚ ሞተሩን አስነስቶ መስታወቱን ዝቅ አደረገ።

«እለምንዎታለሁ፣ ግቢውን ሳይፈትሹ እንዳይለቋት። ይህን ያደረገው ሰው ቅርብ ነው።»

«ቅርብማ ነው፤ ፊቴ ተቀምጧል!» አለ ዳሪዮና የመኪናውን ጣራ በቡጢ መታው።

መኪናው ጉሙ ውስጥ ገባ። ዳሪዮ ሰውዬውን ባያምነውም ፈራ። ከኢነስ ጋር ሆነው ግቢውን ጥግ በጥግ፣ በእጃቸው እየዳበሱ ፈተሹ። ሌላ ምንም አላገኙም። በሩን ሲከፍቱላት ሊላ እንደ ልማዷ ጫማቸውን አሽትታ ወደ ቤት ፈረጠጠች። ዳሪዮ እፎይ አለ። ለብዙ ሳምንታት አኩርፎት የከረመውን አባቱን የምሥራች ሊለው የሚስቱን እጅ ይዞ እየሳቀ ውሻይቱን ተከተላት። ወጥ ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ግን ሁለቱም ቆሙ።

ሽማግሌው የሊላን ራስ በሁለት እጁ ይዞ፣ እንባው አፍንጫዋ ላይ እየወረደ፣ «ምነው ሳትበዪው ቀረሽ፣ ልጄ?» ይላታል።