ከቤት ያልወጣው «ነይ»

አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ አትልም። ለልጄ ሌላ ኢሜይል ልኬ፣ መጥረጊያ ላወጣ የመብራት ቆጣሪው ያለበትን ቁም ሣጥን ስከፍት ነው ያስተዋልኩት። እዚያ የምትቀመጠው፣ ኢሜይላችንን የምታመላልሰው የባሌ የሃርመን ኮምፒውተር፣ መልእክት በላክን ቁጥር መብራቷ ትርገበገብ ነበር። አሁን ዝም ብላለች። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እንጃ።

ልጄ ዮሪንደ በፀደይ ተጣልታን ከቤት ወጣች። ስልኳን ቀየረች፤ አዲሱን ቁጥር አልሰጠችንም። ሐሙስ ግን ጻፈች፤ «ቅዳሜ ልምጣ? ትንሽ ብቆይስ?» ወዲያው «ነይ» ብዬ መለስኩ። እኛ አገር ልጅም ብትሆን ጠይቃ እሺ ሳትባል ወላጆቿ ቤት አትመጣም። ቅዳሜ ድንቹን ለሦስት ሰው ቀቀልኩ፤ ቀረች። ባቡሩ ተገልብጦ ይሆን፣ ቦይ ገብታ ይሆን፣ ያላሰብኩት የለም። እሑድ ጻፍኩ፤ ዛሬ ሰኞም ጻፍኩ።

ሃርመንን ጠራሁት። ኢሜይላችን ሌላ ድርጅት ሳይሆን በገዛ ቤታችን ነው የሚያድረው እያለ ለጎረቤት ሲኮራ የኖረ ሰው፣ ተንበርክኮ ሲነካካ ቆየና ኢንተርኔት ወደሚሰጠን ኩባንያ ደወለ። ያነሳችው ሴት በትዕግሥት አስረዳችው። ቫይረስ የገባባቸው የቤት ኮምፒውተሮች አይፈለጌ መልእክት እየረጩ ስላስቸገሩ፣ ከቤት በቀጥታ የሚላከውን ኢሜይል ከረቡዕ ጀምሮ ለሁሉም ዘግተዋል። የሚመጣው ይገባል፤ የሚወጣው በእነሱ በኩል ማለፍ አለበት።

«ለሁለት ሌባ ብለው መንደሩን ሙሉ ቆለፉበት» አለ ስልኩን ሲዘጋ።

«የኔ መልእክቶችስ?»

«እዚሁ ተሰልፈዋል።»

«አንተ ሰውዬ፣ ልጅቱ እኮ ‹ዘጉኝ› ብላ ነው የቀረችው። ኩራትህን ተውና በነሱ በኩል ስደደው።»

አንገራገረ። ከዚያ ኮምፒውተሯ ላይ አንድ መስመር ትእዛዝ ጻፈ፤ መብራቷ ተርገበገበች። «ነይ» ያልኩት፣ «ምነው ቀረሽ» ያልኩት፣ «በሕይወት አለሽ ወይ» ያልኩት፣ ሁሉም ባንዴ ወጡ።

እራት ቀረበ፤ መልስ የለም። ሃርመን እንደ ልማዱ በሩን ሊቆልፍ ሲነሳ፣ ተወው አልኩት። ተመልሶ ተቀመጠ።

ሳህኖቹን ሳነሳ በሩ ተከፈተ። ዮሪንደ ናት፤ ዝናብ አበስብሷት፣ ብስክሌቷን ይዛ።

«እማ፣ ሁሉም ባንዴ ደረሱኝ፤ ሐሙስ ነይ አልሽኝ፣ ዛሬ ደግሞ ቀበርሽኝ» አለች። ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል፤ ከብርድ ይሁን ከሳቅ አልለየሁም። «እሺ በሉኝ ሳልል መጣሁ።»

«ድንች አለ» አልኳት።

ብስክሌቷን ጎትታ አስገባች። ከዚያ ዞር ብላ፣ ድሮ እንደምታደርገው በሩን በትከሻዋ ገፋ አድርጋ፣ ቁልፉን ራሷ ከውስጥ አዞረችው።