የአባት ፊርማ

ዶይል ኮምፒውተሩን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ከምድጃው ጋር አላተመው። አንዴ አልበቃውም፤ ደገመው። ከዚያ ዞር ብሎ ልጁን በጥፊ አጮለው። የዌስሊ ከንፈር ተሰነጠቀ።

«ለመንግሥት አልፈርምም አልኩህ! ጆሮ የለህም?»

«ለእኔ ነው እንጂ ለመንግሥት ነው እንዴ!» አለ ዌስሊ ደሙን በእጅጌው እየጠረገ። «ቅጹ ኮሌጅ እንድገባ ነው! የአባት ፊርማ ከሌለበት አምስት ሳንቲም አይሰጡኝም!»

«እንግዲያው ይቅርብህ።»

ነገሩ የሆነው አሜሪካ ውስጥ፣ በኬንታኪ ተራሮች መሃል፣ የከሰል ጉድጓዱ ከተዘጋ ወዲህ ሥራ የሚባል በጠፋባት ከተማ ነው። ዌስሊ አሥራ ሁለተኛን ሊጨርስ ነው። ኮሌጅ ተቀብሎታል፤ የቀረው ገንዘቡ ነው። ገንዘቡ ደግሞ ከመንግሥት የትምህርት ድጎማ ካልመጣ ከየትም አይመጣም። እናቱን ካንሰር ወስዷታል። ያለው ዶይል ብቻ ነው፤ ዶይል ደግሞ ያው ዶይል ነው።

ታላቅ ወንድሙ ጄረል በአሥራ ሰባት ዓመቱ ወታደር ካልሆንኩ ሲል፣ ጦሩ የአባት ፊርማ ጠየቀ። ዶይል ፈረመለት። ዓመት ሳይሞላ ሬሳው በባንዲራ ተሸፍኖ መጣ። ከዚያ ወዲህ ዶይል የመንግሥት ወረቀት ሲያይ ያብዳል። ዌስሊ ግን ይህን ሰበብ ከሰለቸው ቆይቷል። ምቀኝነት ነው፣ ልጁ ከዚህ ጉድጓድ ወጥቶ ሰው ሲሆን ማየት ስለማይፈልግ ነው ይላል።

በማግሥቱ የትምህርት ቤቱ አማካሪ ወይዘሮ ኮምብስ ከንፈሩን አይተው ደነገጡ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«በር መታኝ።»

«ያ በር ስሙ ዶይል ነው?»

ዌስሊ አቀረቀረ።

«ስማኝ ልጄ፣ አባቴ እምቢ አለ ብትላቸው አዝነውልህ ይሸኙሃል እንጂ አይሰጡህም። ያለ ወላጅ ፊርማ የሚያልፈው ወላጁ የሞተበት ወይም የታሰረበት ነው። ወይ ደግሞ መደብደብህን ለፖሊስ ተናገር፤ እኔ እመሰክርልሃለሁ።»

ዌስሊ በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ። በዚያ አገር አባቱን ለፖሊስ የሰጠ ልጅ ቀና ብሎ አይሄድም። አባቱን ቢገድለው ይሻለዋል።

ማታውኑ ሊገድለው ምንም አልቀረውም። ዶይል አድኖ ያመጣውን አጋዘን ጓሮ ይገፍፍ ነበር። ዌስሊ ሲያየው ደሙ ፈላ።

«ወይ ሙትልኝ፣ ወይ እስር ቤት ግባልኝ! ያኔ ያላንተ ይሰጡኛል! ወይዘሮ ኮምብስ ነግረውኛል!»

ዶይል ቢላውን ይዞ ተነሣ። ዌስሊ ወደ ቤት ሮጦ ገብቶ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ጠመንጃ ጨበጠ።

«አውርደዋ!» አለ ዶይል በሩ ላይ ቆሞ። «ወንድ ከሆንክ አውርደው!»

አላወረደውም። ዶይል ቢላውን ጥሎ ደረቱ ላይ አንድ ቡጢ ሰነዘረበት፤ ልጁ ከነወንበሩ ተገለበጠ።

«ማናት ነገረችኝ ያልከው?» አለ ዶይል ቁልቁል እያየው። «የትምህርት ቤቷ ሴትዮ?»

ዌስሊ ትንፋሽ አጥሮት ወለሉ ላይ ተጠቀለለ። አባቱም መልሱን ሳይጠብቅ ወጣ።

ዓርብ ዕለት ዌስሊ ቤት ሲደርስ የዶይል ውሾች የሉም። ለጎረቤት ሰጥቷቸዋል። ማገዶው ተፈልጦ እስከ መስኮቱ ተከምሯል። መኪናውም የለም። ያን ቀን ትምህርት ቤቱ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ነበረው፤ ወይዘሮ ኮምብስ ደግሞ በር ላይ ቲኬት ይቆርጣሉ።

«ወይኔ! ሴትዮዋን ሊገድላት ነው!» አለና እግሬ አውጪኝ ብሎ ሮጠ።

ሲደርስ ዶይል ወይዘሮ ኮምብስን አልፏቸው ሄዶ ምክትል ሸሪፉ ግሬዲ ፊት ቆሟል። ግሬዲ የፖሊስ ልብሱን ለብሶ መኪና ያስተናግዳል። ከልጅነታቸው ጀምሮ አብረው ዓሣ ያጠምዱ ነበር።

«ግሬዲ፣ ሥራ ላይ ነህ?»

«ታዲያ ይህን የለበስኩት ለሠርግ ነው?» ብሎ ሳቀ ግሬዲ።

ዶይል አፍንጫውን በቡጢ አደቀቀው። ሲወድቅም አልለቀቀውም፤ ላዩ ላይ ተቀምጦ ቀጠቀጠው። ጥርሱ አስፋልቱ ላይ ተበተነ። ሴቶች ጮኹ፣ ሕፃናት አለቀሱ። ወንዶች ተረባርበው ጎትተው ሲያነሱት ግን አልታገላቸውም። እጆቹን ወደ ኋላ አድርጎ ካቴናውን ጠበቀ። አፉም መጠጥ መጠጥ አይልም ነበር። ዌስሊ የከተማው ሰው ሁሉ ሲያየው፣ ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አለ።

ዶይል የአንድ ዓመት እስር ተፈረደበት። ወይዘሮ ኮምብስ የፍርዱን ግልባጭ ከማመልከቻው ጋር ላኩት። ድጎማው ሙሉ በሙሉ ተፈቀደ። ዌስሊ ኮሌጅ ገባ፤ አባቱን አንድ ቀን እንኳ ሄዶ አልጠየቀውም። እንዲያውም የአባቱ ጭካኔ አንዴ ጠቀመኝ እያለ ለጓደኞቹ ይቀልድ ነበር።

የሚፈታበት ቀን ሲደርስ ግን ሌላ የሚቀበለው ዘመድ ስለሌለ እስር ቤቱ በር ላይ ሄዶ ቆመ። ዶይል ጃኬቱን ደርቦ ወጣ። ፀጉሩ ሸብቷል።

«ከስተሃል» አለው ልጁን። «አያበሉህም እንዴ?»

«ያላንተም ጠግቤ እበላለሁ።» የዌስሊ አንጀት አልራራም። «ደስ ይበልህ፣ አሁን ስለወጣህ የዘንድሮው ማመልከቻ ሊበላሽብኝ ነው። በየዓመቱ እንደ አዲስ ነው የሚሞላው። ፊርማህን አምጣ ይሉኛል። ትፈርማለህ?»

ዶይል ቀኝ እጁን አገላብጦ አየው።

«አልችልም፣ ልጄ። ይህንን አልችልም።»

«አውቄው ነበር! አንተ መቼም ሰው አትሆን!»

«ለመጨረስ ስንት ዓመት ቀረህ?»

«ሦስት። አንተ ምን አገባህ?»

ዶይል ጃኬቱን አውልቆ ለልጁ አስያዘው። ከዚያ ወደ በሩ ተመልሶ እያዛጋ የቆመውን የእስር ቤት ጠባቂ መንጋጋውን በቡጢ አለው።