ከኩስኮ የተነሳው ባቡር

ባዩ ሚስቱን ብሩክታዊትን ወደ ፔሩ ለመሸኘት ሳን ሆዜ ኤርፖርት ካደረሳት አምስተኛ ቀኑ ነው። ጉዞውን ሁለት ዓመት ሙሉ አብረው ሲያቅዱት ኖረው፣ ጥቂት ቀን ሲቀረው አለቃው ፈቃድ ከለከለው። "አንቺ ሂጂ፤ ኢንካዎች ተራራ ላይ የሠሩትን ከተማ ሳታዪ እንዳትቀሪ" ብሎ ሸኛት። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ቢደውልም አላነሳችለትም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከኤርፖርቱ ብዙም በማይርቀው ካምቤል ከተማ ካለው አፓርትመንታቸው እንደገና ቪዲዮ ኮል አደረገ። አሁን ግን አነሳች። ከኋላዋ፣ ከኩስኮ ወደ ኢንካዎቹ ከተማ በሚወስዳት ባቡር መስኮት፣ ጉም የለበሱ ገደሎች ያልፋሉ።

"ብሩኬ! ስንቴ ኮል አደረግኩልሽ? ነፍሴ ልትወጣ ነበር እኮ!"

ብሩክታዊት ፊቷ አመድ መሰለ።

"ማነህ አንተ?" አለች በሹክሹክታ።

"ባዩ ነኛ! ባልሽ!"

"በመድኃኔዓለም ይዤሃለሁ፣ ተወን። ባሌ እዚሁ አጠገቤ ነው።"

ባዩ የምትቀልድ መስሎት ሊስቅ ሲል ካሜራውን አዞረችው። ከጎኗ አንድ ሰው ራሱን መስኮቱ ላይ አስደግፎ ተኝቷል። ግንባሩ ላይ ያለው ጠባሳ የባዩ ነው። ትንሽ ከፈት ያለው አፉም የባዩ ነው። ባዩ የራሱን ግንባር ዳሰሰ፤ ጠባሳው እዚያው ነው።

የተኛው ሰው ቀስ ብሎ ዓይኑን ገለጠ። ስክሪኑን ትክ ብሎ አየና፣ ሳይደነግጥ፣ እንደ ታከተው ሰው ወደ ብሩክታዊት ዞረ።

"ዛሬም ደወለ?" አላት፣ በባዩ ድምፅ።