የጨርቅ መቀስ እና የካሜራ ካርቶን

«እማ፣ ይሄን ቆሻሻ ዛሬውኑ ከቤት አውጪልኝ!»

እናቱ ላይ ነው እንዲህ የሚጮኸው... ያውም በሰው ፊት!

ቆሻሻ ያለው ምኑን መሰላችሁ? የካሜራውን ካርቶን ነው። ፎቶ አንሺ ነው እኮ፤ እንጀራው ካሜራው ነው።

ካሜራውን ማን ገዛለት? እናቱ! ልብስ ሰፊ ናት። ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ሱሪ ስታሳጥር፣ የሰው ዚፕ ስትቀይር ወገቧ ተቆርጦ ነው የገዛችለት።

ካርቶኑን ከነስፖንጁ ቁም ሳጥኑ ላይ በላስቲክ ሸፍና ሁለት ዓመት አስቀመጠችው። በየሳምንቱ አቧራውን ትጠርጋለች።

«ይቀመጥ ልጄ... ሻጩ ምን እንዳለን ረሳኸው?»

«እማ፣ በናትሽ! ማንበብ የማትችይ ሰው ስለ ካሜራ ምን ታውቂያለሽ?»

ውይ... ውይ ልጆቼ! ይሄን ሲላት ጓደኛው ሶፋው ላይ እግሩን ሰቅሎ ይስቃል።

ጓደኛው «ፍላሽ» ነው የሚባለው። ብልጭ ብሎ ስለሚጠፋ ነው ስሙን ያወጡለት... በተለይ ሂሳብ ሲመጣ!

«ማዘር፣ ዘመኑ ተቀይሯል እኮ» አላት። «ካርቶን ማን ያስቀምጣል? አትድከሚ፣ ስወጣ እኔ እጥለዋለሁ።»

አያችሁልኝ አሳቢውን?

እናት ደሟ ፈላ። ካርቶኑን አወረደችና ስፌት ክፍሏ ገብታ በሩን ድርግም አደረገችው።

ከአምስት ደቂቃ በኋላ ወጣች። ካርቶኑን በጥቁር ፌስታል ቋጥራ ፍላሽ እግር ስር ወረወረችለት።

«እንካ! ጣልልን!»

ፍላሽም ይዞ ሄደ... ጣለው? ቆዩኝ።

ሦስት ወር አለፈ።

አንድ ቀን ፍላሽ ከች አለ። «ወንድሜ፣ የአንድ ቀን ሥራ አግኝቻለሁ። ካሜራህን አውሰኝ፣ ነገ ጠዋት እመልስልሃለሁ።»

ልጅ አዋሰው። እናቱን የሚቆጣው ለጓደኛው እንዴት ደግ ነው መሰላችሁ!

ነገ ሆነ። ከነገ ወዲያም ሆነ። ፍላሽ ስልክ አያነሳም።

በሳምንቱ አንድ ፎቶ ቤት ደጃፍ ላይ አገኘው። ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ!

«ካሜራዬን ስጠኝ!»

«የምን ካሜራ? ይሄ የራሴ ነው። ምነው፣ ደህና አይደለህም እንዴ?»



ነገሩ ፖሊስ ጣቢያ ደረሰ። እናትም ልጇን ተከትላ ሄደች። ካሜራው ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሏል።

«ማስረጃ ያለው ማን ነው?» አለ መርማሪው።

የልጅ ደረሰኝ ከጠፋ ቆይቷል። የገዙበት ሱቅም ተዘግቷል።

ፍላሽ ግን ፈገግ ብሎ ከቦርሳው ምን ቢያወጣ ጥሩ ነው? ካርቶኑን! ያንኑ «ማን ያስቀምጣል» ያለውን ካርቶን! ካሜራውን ቢከቱት ስፖንጁ ልክክ አድርጎ ተቀበለው።



መርማሪው ካርቶኑን አገላበጠው። «ቁጥሩ ያለበት ጎኑ የት ሄደ? ጎድሏል እኮ።»

«አይጥ ናት ጌታዬ። የጥርሷን ምልክት አያዩትም? ቤቴን አይጥ ፈጀችው!»

እውነትም ዳር ዳሩ ጥርስ ጥርስ ይላል።

ይሄኔ እናት ከአግዳሚው ተነሳች።

«ልጄ፣» አለችው መርማሪውን፣ «ያቺ አይጥ እኔ ነኝ።»

ከጡቷ ስር መሐረብ አወጣች። ቋጠሮውን ፈታች። መዳፍ የምታክል የካርቶን ቁራጭ... ዳር ዳሯ ጥርስ ጥርስ የሚል።

ቀዳዳው ላይ አስቀመጠቻት። ጥርስ ለጥርስ ገብቶ እንደ ዚፕ ግጥም አለ!

መርማሪው ካሜራውን ገልብጦ ቁጥሩን ከቁራጯ ጋር አንድ በአንድ አነበበ። አንድም አሃዝ አልተለየም።

«እናቴ፣ እንዴት ሊያስቀምጡት ቻሉ?»

«ሻጩ ‹ካሜራው ሆድ ላይ ያለው ቁጥርና የካርቶኑ ቁጥር አንድ ነው፤ መታወቂያው ነው› ብሎ አሳይቶናል። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ቁጥር ግን አውቃለሁ፤ ሠላሳ ዓመት በሜትር ስለካ የኖርኩ ሰው ነኝ! ካርቶኑ ይጣል ካሉ ይጣል፣ መታወቂያውን ግን አልጥልም ብዬ ቆረጥኩት። ብግን ብዬ ስለነበር ያገኘሁትን አነሳሁ... ጥርስ ጥርስ አድርጎ የሚቆርጠውን የጨርቁን ዚግዛግ መቀስ።»

ልብስ ሰፊዎች ታውቁታላችሁ። በጨርቅ መቀስ ወረቀት አይቆረጥም፤ ይዶለዱማል። በዚያች መቀስ ወረቀት የነካ ሰው ከእሷ ጋር ተጣልቷል ማለት ነው። ያን ቀን ንዴት አስረሳት። ንዴቷ ደግሞ ካሜራውን አዳነላት።

ወደ ፍላሽ ዞረች።

«አይጥ እንኳ የሰው ቤት የምትገባው ሲርባት ነው። አንተ ግን እኔ ቤት ጠግበህ ነበር የምትወጣው!»

ፍላሽ ያን ቀን ብልጭ ብሎ መጥፋት አልቻለም። በሩ ላይ ፖሊስ ቆሟል።

ልጅ እግሯ ላይ ወደቀ። «እማ... ይቅር በይኝ።»

አቀፈችው እንድላችሁ ጠብቃችኋል አይደል? አላቀፈችውም።

«ተነስ። ካሜራህን ያዝ። መቀሴ ከዚያን ቀን ጀምሮ ጨርቅ እያኘከችብኝ ነው። ወስደህ አስሞርድልኝ። ተስላ እስክትመጣ አላናግርህም።»

መቀሷን ይዞ ሮጠ።

ልጆቼ፣ ውድ ዕቃ ስትገዙ ካርቶኑን አስቀምጡ። ቤቱ ከጠበባችሁ ቁጥሩ ያለበትን ጎን ቆርጣችሁ ያዙ። ግን ለሚስቅላችሁ እንግዳ ብላችሁ ያሳደገቻችሁን እናት «ምን ታውቂያለሽ» አትበሉ። ያን ቀን በሰው ፊት ያዋረዳት እሷን ነበር፤ ፖሊስ ጣቢያ በሰው ፊት የቆመችለትም እሷው ነች።

እኔ እስካሁን አልበረደልኝም...

እስቲ እናንተ ፍረዱ፦ በእናት ቦታ ብትሆኑ ቁራጯን ታወጡለት ነበር፣ ወይስ «ማንበብ የማትችል ሰው ምን ታውቃለች» ብላችሁ ዝም ትሉት ነበር? ኮመንት ላይ እጠብቃችኋለሁ።