ከመስኮት የማይታየው ጉድባ

«ዛሬስ ምን ይዘሽልኝ መጣሽ?» አለ ክሊፎርድ ከጉድባው ማዶ፣ ዱላውን ተደግፎ።

«የሎሚ ኬክ። አይገባህም እንጂ።» ኦድሪ በወረቀት የጠቀለለችውን ወረወረችለት። እንደ ልማዱ በባርኔጣው ቀለበው።

ኦድሪ ባሏ ከሞተ ወዲህ ይህን ጥንታዊ የአትክልት ቦታ በነፃ ታስጎበኛለች። ክሊፎርድም ሚስቱ የሞተችበት ገበሬ ነው፤ ከማዶ ባለው መስክ በጎቹን ያሰማራል። ጉድባውን ያስቆፈሩት የድሮዎቹ መኳንንት ናቸው፤ በግ አበባቸውን እንዳይበላ፣ አጥርም ዓይናቸውን እንዳይጋርደው። ሀብታም ሲቀብጥ አጥሩን መሬት ውስጥ ይቀብራል። ከመኳንንቱ ትልቅ ቤት መስኮት ለሚያይ ሰው መስኩ አንድ ወጥ ነው፤ ጉድባውን የሚያውቀው አፋፉ ላይ ሲደርስ ብቻ ነው። ቅርስ ስለሆነ ድልድይ መሥራት ክልክል ነው። ወደ መስኩ የሚያሻግረው በር ደግሞ ሩቅ ነው። ቢሆንም ለኦድሪ ከሳምንቱ ቀናት ሁሉ የሚነጋላት ሐሙስ ነበር፣ የክሊፎርድ ቀን።

«በጎቹን ሸጥኳቸው» አለ ኬኩን እያላመጠ። «የሚጭናቸው መኪና ታች ቆሟል። እኔም ሰሜን፣ ኒውካስል ልጄ ዘንድ ልገባ ነው።»

«መቼ?»

«ቅዳሜ።»

«ቤቴ ና፣ ሻይ ላፍላልህ» የሚለው ቃል ስንት ሐሙስ ጉሮሮዋ ላይ ቆሟል። ዛሬም እዚያው ቆመ።

«ሰሜን ይበርዳል» አለች።

«ይበርዳል» አለ። ትንሽ ጠበቃት። «በይ እንግዲህ ደህና ሁኚ፣ እሜቴ።» ባርኔጣውን ከፍ አደረገና በጎቹን እየነዳ ቁልቁል ወረደ።

ኦድሪ ወደ ትልቁ ቤት ስትመለስ አንዲት ወጣት ጎብኚ ደረጃው ላይ አገኘቻት።

«ይቅርታ፣ ሳላስፈቅድ ከመስኮቱ ፎቶ አነሳኋችሁ። እርስዎና ባለቤትዎ በጣም ታምራላችሁ።»

ኦድሪ «ባሌ አይደለም» ልትል አፏን ከፈተች፤ ግን ስልኩን ተቀበለችና መነጽሯን አስተካከለች።

ፎቶው ላይ መስኩ አረንጓዴ ነው። በጎቹ ተበትነው ይግጣሉ። መሐል ላይ ሁለት አዛውንቶች ፊት ለፊት ቆመዋል፣ እጃቸውን ቢዘረጉ የሚነካኩ። በመካከላቸው ያለው ሣር ብቻ ነው።